የቴሌግራም ልጆች ካደጉ በኋላ ወዴት ሄዱ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከአዳማ በአንድ ፖስታ ታሽገው አራት ደብዳቤዎች ደርሰውናል። አንድ የታሪክ መምህር ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው አንድ አሮጌ የእንግሊዝ ፎቶግራፍ አሳይተው ኖሮ፣ ክርክሩ ከክፍል ወጥቶ ወላጅ ቤት፣ ከዚያም አንድ ቴምብር ሰብሳቢ ጎረቤት ዘንድ ደርሷል። ጥያቄዎቹ የአንድ ጉዳይ ቅርንጫፎች በመሆናቸው ተከታትለው እንዲነበቡ አድርገናል፤ ረዘም ያሉትንም ጥቂት አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ለተማሪዎቼ ባሳየሁት ፎቶግራፍ ላይ ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ልጆች አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ክብ ቆብ ደፍተው፣ ወገባቸው ላይ በቀበቶ የቆዳ ቦርሳ አስረው በሰልፍ ቆመዋል። የፖስታ ቤት የቴሌግራም፣ ማለትም በሽቦ ተልኮ በወረቀት የሚደርስ አጭር መልእክት አድራሾች መሆናቸውን ነገርኳቸው። አንዲት ተማሪ ግን «ሲያድጉስ ምን ሆኑ? ፖስታ ቤቱ አስቀራቸው ወይስ አሰናበታቸው?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። እነዚህ ልጆች የነበራቸውን የሥራ ተስፋ ቢያብራሩልን።
የታሪክ መምህር፣ አዳማ

መልስ፦ የተማሪዎ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ራሱ ጥያቄውን በወጉ ይዞ ለመመርመር አርባ ዓመት ፈጅቶበታል። ባጭሩ ለመመለስ፣ ከፊሎቹ ቀርተው ፖስተኛ፣ ደብዳቤ ለዪ ወይም የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነዋል፤ ብዙዎቹ ግን ገና ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ቆባቸውንና ቦርሳቸውን አስረክበው ተሰናብተዋል። የማን ዕጣ የትኛው እንደሚሆን የወሰነው የልጁ ትጋት ብቻ አልነበረም፤ ከትጋቱ ይልቅ ከፊቱ ስንት የአዋቂ የሥራ መደብ ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል የሚለው ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። እስከዚያ ድረስ በብሪታንያ ቴሌግራፍ የግል ኩባንያዎች ንግድ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ፖስታ ቤቱ የአገር ውስጡን አገልግሎት ጠቅልሎ ተረከበ። ሽቦው ቃሉን ከለንደን ማንችስተር በደቂቃዎች ውስጥ ያደርሰዋል፤ ከማንችስተር ቢሮ እስከ ነጋዴው በር ያለውን መንገድ ግን የሚሸፍነው እግር ነው። ላኪው ገንዘቡን የከፈለው ለፍጥነት ስለሆነ፣ ወረቀቱ ቢሮ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከተኛ ሽቦው የሠራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በየቢሮው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራውን የሚጠብቅ፣ ስሙ ሲጠራ ወዲያው የሚነሣ፣ ደመወዙም አነስተኛ የሆነ ሰው አስፈለገ። የሚሸከመው አንዲት ቀላል ወረቀት ስለሆነ የአዋቂ ጉልበት አይጠይቅም፤ ለዚህ ሥራ ከልጅ የተሻለ አልተገኘም።

ልጁ የሚቀጠረው ትምህርት ቤት በሚለቅበት በዐሥራ አራት ዓመቱ አካባቢ ነበር። ማንበብና መጻፍ መቻሉ፣ ጤንነቱና ጠባዩ ተመርምሮ ይገባል፤ የደንብ ልብስ ይሰጠዋል፤ ከሥራ በፊት ተሰልፎ የጫማው መጥረግና የቁልፎቹ መወልወል ይታያል። ወላጆች ይህን ሁሉ ሲያዩ ደስ ይላቸው የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። የመንግሥት ሥራ ነው፤ ልጁ ፖስተኛ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የማይቋረጥ ደመወዝ፣ በመጨረሻም ጡረታ አለው። ያን ቆብ ያደረገ ልጅ በሰፈሩ ሲያልፍ ጎረቤት ሁሉ የወደፊቱን ፖስተኛ እንዳየ ይቆጥር ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ችግሩ የሒሳብ ነው፤ ተማሪዎችዎም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊሠሩት ይችላሉ። ለምሳሌ ያህል አንድ ቢሮ ዐሥር ልጆችና አርባ ፖስተኞች አሉት እንበል። ልጅ በመልእክተኛነት የሚቆየው ከዐሥራ አራት እስከ ዐሥራ ስድስት፣ ማለትም ሁለት ዓመት ያህል ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ አምስት ልጆች ዕድሜያቸው ደርሶ «ቀጥሎስ?» ይላሉ። ፖስተኛው ግን ሥራውን ከያዘ አርባ ዓመት ይቆያል፤ ስለዚህ ከአርባዎቹ መካከል በአማካይ በዓመት የሚለቀቀው አንድ ቦታ ነው። ለአንድ ወንበር አምስት ልጆች ማለት ነው። አምስቱም ትጉህ፣ አምስቱም ፈጣን፣ አምስቱም ጨዋ ቢሆኑ እንኳ አራቱ መሄዳቸው አይቀርም፤ ይህ በማንም ክፋት የመጣ ሳይሆን ልጆቹ ሲቀጠሩ ማንም ቁጭ ብሎ ስላላሰላው የመጣ ነው።

በዚያ ላይ ያቺው አንዷ ቦታ እንኳ ሙሉ በሙሉ የልጆቹ አልነበረችም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ የብሪታንያ መንግሥት ከጦሩ የሚሰናበቱ ወታደሮች ሥራ እንዲያገኙ ብሎ ከፖስተኛ ክፍት ቦታዎች ከፍ ያለውን ድርሻ ለእነርሱ ከለለ። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም፤ ለሀገሩ የዘመተ ሰው መንገድ ላይ ሊወድቅ አይገባም። ነገር ግን ለአንዱ የተሰጠው ከሌላው ተቀንሶ ነበርና፣ ዋጋውን የከፈለው በአግዳሚው ላይ ተራውን የሚጠብቀው ልጅ ሆነ።

የተሰናበቱት ምን ይዘው ሄዱ? እውነተኛው ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን አናጺ፣ ብረት ሠሪ ወይም አታሚ ለመሆን የሚሻ ልጅ የእጅ ሙያ መማር የሚጀምረው በዐሥራ አራት ዓመቱ ገደማ ነበር። መልእክተኛው ያንን ሁለት ዓመት በመንገድ አሳልፎ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ሲሰናበት ለሙያ ተማሪነት ዘግይቷል፤ ለአዋቂ ሥራ ደግሞ ገና ነው። የተማረው የከተማውን መንገዶች፣ ሰዓት ማክበርንና በር ማንኳኳትን ነው። በዘመኑ ስለ ልጆች ሥራ ይጽፉ የነበሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሥራ መውጫ በሌለው ቅያስ ይመስሉት ነበር፤ መግቢያው ሰፊና የሚያምር፣ መጨረሻው ግን ግድግዳ።

እ.ኤ.አ. በ1909 ሪፖርቱን ያወጣው የድሆች ሕግ ንጉሣዊ ኮሚሽን (ድሆች የሚረዱበትን ሕግ እንዲመረምር የተሾመ ቡድን) ሥራ አጥነት ከየት እንደሚመነጭ ሲመረምር እንዲህ ወዳለው የልጆች ሥራ ደረሰ። ድሃን ለመርዳት ገንዘብ የሚመድበው መንግሥት በሌላ በኩል ራሱ ልጆችን ቀጥሮ ያለ ሙያ መበተኑ የሚያሳፍር ነበርና፣ በቀጣዩ ዓመት በ1910 ፖስታ ቤቱ የልጆችን ሥራ የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴ አቋቋመ። የተወሰደው መፍትሔ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ የሚቀጠሩት ልጆች ቁጥር ወደፊት ሊለቀቅ ከሚችለው የአዋቂ ቦታ ጋር እንዲቀራረብ ተቀነሰ፣ ለአደጉት ልጆች የሚጠበቁት መደቦች ተበራከቱ፣ ልጆቹም በሥራ ላይ እያሉ የማታ ትምህርት እንዲከታተሉ ተደረገ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ቦታ ጠፍቶ የሚሰናበተው ልጅ ቁጥር እጅግ አነሰ። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ጎበዞች አልሆኑም፤ የተለወጠው ቀጣሪው ነው። ለተማሪዎ የሚነግሯት አንድ ነገር ብቻ ከሆነ ይህን ቢነግሯት እመርጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ላንሣ። በጦርነቱ ዘመን ወንዶቹ ሲጎድሉ ሴት ልጆችም መልእክተኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ የሞት መርዶ በቴሌግራም ይመጣ ስለነበር የቴሌግራም ልጅ ብስክሌቱን ደጃፍ ላይ ሲያቆም እናቶች ጉልበታቸው ይከዳቸው ነበር። በ1930ዎቹ ለታላላቆቹ ልጆች ሞተር ብስክሌት ተሰጠ። ቴሌፎን እየተስፋፋ ሲመጣ ግን ሥራው ራሱ መነመነ፤ የብሪታንያ የአገር ውስጥ ቴሌግራም አገልግሎትም በ1982 ተዘጋ።

ጥያቄ፦ መምህራችን ያሉት ልክ ከሆነ፣ አንድሩ ካርኔጊ የሚባለው የአሜሪካ ቱጃር በልጅነቱ የቴሌግራም መልእክተኛ ነበር። እርሱ ከዚያ ተነሥቶ ይህን ያህል ካደገ ሥራው ተስፋ አልነበረውም እንዴት ይባላል? እንዲህ ከሚሉ ጓደኞቼ ጋር ተወራርደናል።
የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ አዳማ

መልስ፦ ውርርዱን ግማሹን አሸንፈሃል፣ ግማሹን ደግሞ ተሸንፈሃል። ካርኔጊ በእርግጥ መልእክተኛ ነበር። ከስኮትላንድ ተሰደው ከመጡ ድሃ ወላጆች ጋር በፒትስበርግ አካባቢ ሲኖር፣ መጀመሪያ በጥጥ ፋብሪካ ውስጥ በሳምንት በ1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሠራ ነበር፤ ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው በሳምንት በ2 ዶላር ከ50 የቴሌግራም መልእክተኛ ሆነ። እንደ ዛሬው ስልክ ላይ ካርታ የለምና፣ ለከተማው እንግዳ ስለነበር እንዳይባረር ፈርቶ የንግድ ቤቶቹን ሰሌዳ በመንገዱ በአንዱ ጎን እየወጣ በሌላው ጎን እየወረደ በቃሉ አጠናቸው። ቀጥሎም የነጋዴዎቹን ፊት ማወቅ ጀመረ፤ ሰውዬውን መንገድ ላይ ካገኘው ቢሮው ድረስ ሳይለፋ ወረቀቱን እዚያው ያስረክበዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ጠዋት ቢሮውን ለመጥረግ ቀድመው ይገቡ ስለነበር፣ ሠራተኞቹ እስኪመጡ ድረስ የቴሌግራፉ መምቻ ክፍት ሆኖ ያገኙታል። ካርኔጊ በዚያች ሰዓት ራሱን አስተማረ፤ በዚያ ዘመን መልእክቱ በወረቀት ጥብጣብ ላይ ታትሞ ይነበብ የነበረውን እርሱ በጆሮው ድምፁን እየሰማ መጻፍ ቻለ። ጥቂት ዓመታት ሳይሞሉት የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1853 ደግሞ የፔንሲልቬኒያ ባቡር ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ቶማስ ስኮት በወር 35 ዶላር ወሰደው። የኋላው ሀብት የመጣው ከባቡሩና ከብረቱ ነው፤ የመጀመሪያዋ ደረጃ ግን ያቺ የጠዋት ሰዓት ናት። ከእርሱ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ዳቪድ ሳርኖፍ የሚባል ከሩሲያ ግዛት የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ልጅ በኒው ዮርክ በኬብል ኩባንያ መልእክተኛ ሆኖ ጀምሮ፣ የሞርስን የቴሌግራፍ ምልክቶች ተምሮ፣ ወደ ማርኮኒ የሬዲዮ ኩባንያ ገብቶ፣ በመጨረሻ የአሜሪካን ታላቁን የሬዲዮ ድርጅት አርሲኤን መርቷል።

እንግዲህ ልብ በል። ሁለቱም ከመልእክተኛነት የወጡት ብዙ ስለሮጡ አይደለም፤ ከሩጫው ሌላ የሚማሩት ነገር በዚያው ክፍል ውስጥ ስለነበረ ነው። በአሜሪካ ፖስታ ቤት በኩል የነበረውን ልጅ ከእነርሱ ጋር አስተያየው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1885 ጀምሮ በ10 ሳንቲም ልዩ ቴምብር የሚላክ ፈጣን ደብዳቤ ሲጀመር፣ ከ13 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች ከእያንዳንዱ ደብዳቤ 8 ሳንቲም እየተከፈላቸው፣ ወርኃዊ ገቢያቸውም ከ30 ዶላር እንዳይበልጥ ተገድቦ ያደርሱ ነበር። ገንዘቡ ለልጅ መጥፎ አይደለም፤ በወር ቢደመር ካርኔጊ በመልእክተኛነቱ ከሚያገኘው ደመወዝ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን በደብዳቤ ቁጥር የሚከፈለው ልጅ የሚያውቀው ደብዳቤና በር ብቻ ነው፤ ቆም ብሎ ሲማር ያቺ ደቂቃ ከኪሱ ትወጣለች።

የሌሊት መልእክተኞቹ ታሪክ ደግሞ የባሰ ነበር። በከተሞች ውስጥ ሌሊት መልእክት የሚልከውና የሚያስልከው ብዙ ጊዜ የመጠጥ ቤትና የሴተኛ አዳሪ ቤት ደንበኛ ስለነበር ልጆቹ ሊያዩት የማይገባውን ሁሉ ያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 የተመሠረተው የአሜሪካ የልጆች ሥራ ብሔራዊ ኮሚቴ ይህን አጥንቶ አጋለጠ፤ ፎቶግራፍ አንሺው ሉዊስ ሃይንም የልጆቹን ፊት ከነደንብ ልብሳቸው አነሣው። የኒው ዮርክ ግዛትም በ1910 በትልልቅ ከተሞች ከ21 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሌሊት መልእክተኛነት እንዳይሠራ በሕግ ከለከለ። ለጓደኞችህ ካርኔጊን ስትጠቅስ በሃይን ፎቶግራፎች ላይ የቆሙትንም አትርሳቸው፤ ቁጥራቸው ከካርኔጊዎቹ እጅግ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ቴምብር መሰብሰብ ከጀመርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በአገራችን የቀድሞ ፖስታ ታሪክ ውስጥ እንዲህ የደንብ ልብስ ለብሰው የሚላኩ ልጆች ሲነሡ አልሰማሁም። አልነበሩም ወይስ አልተጻፈላቸውም?
ቴምብር ሰብሳቢ፣ አዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእርስዎን ስብስብ ያየ ሰው መልሱን ከቴምብሮቹ ሊገምተው ይችላል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ያወጁት መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ላይ የዋሉት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው የመጡ ናቸው፤ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ ዘውድ የደፋውን አንበሳ ይዘዋል። ያ አገልግሎት በዋናነት የተዘረጋው ከአዲስ አበባ በሐረር በኩል ወደ ባሕሩ ጠረፍ ነበር። ያን መንገድ ደብዳቤ ይዞ የሚሄደው ቀናትና ሌሊቶችን የሚጓዝ፣ ወንዝ የሚሻገር፣ በበረሃው ከሽፍታም ከአውሬም ራሱን የሚጠብቅ ጎልማሳ ነው እንጂ ልጅ አይደለም። ከፖስታ በፊትም ቢሆን፣ ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዱላ ጫፍ ላይ ሰክቶ በየአገሩ የሚያልፈው መልእክተኛ የታመነና ቃል የሚጠብቅ ሰው መሆን ነበረበት፤ አንዳንዴም ከወረቀቱ ይልቅ ዋናው መልእክት በአፉ ያለው ነበር።

ቀጥሎ ባቡሩ መጣ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ በእኛው በአዳማ በኩል አልፎ አዲስ አበባ ገባ፤ በመካከሉ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። እንግዲህ የረጅሙ መንገድ ሸክም ከእግረኛው ትከሻ ወደ ባቡሩ ተዛወረ። ከጣቢያው እስከ ተቀባዩ ያለችው አጭር መንገድ ግን እንደ እንግሊዝ በልጆች እግር አልተሞላችም፤ ምክንያቱም የእኛ ፖስታ ቤት በዋናነት ደብዳቤን በየበሩ አያድልም፤ ተቀባዩ መጥቶ ከፖስታ ሣጥኑ ይወስዳል። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ መሥሪያ ቤት አድራሻውን ሲጽፍ የቤት ቁጥር ሳይሆን የፖስታ ሣጥን ቁጥር የሚያስቀድመው ከዚህ የተነሣ ነው። በር የማያንኳኳ ፖስታ ቤት በብዙ ሺህ የሚቆጠር የደንብ ልብስ የለበሰ ልጅ አያስፈልገውም።

ታዲያ ልጁ የለም ማለት አይደለም፤ የሚገኘው በሌላው ጫፍ ላይ ነው። የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ ይዞ በየጠዋቱ ወደ ፖስታ ቤት የሚሄደው፣ «የአደራ ደብዳቤ መጥቷል» የምትለዋን ወረቀት አሳይቶ የሚፈርመው፣ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው መዝገብ እያስፈረመ የሚዞረው የየቢሮው ተላላኪ ነው። የእርሱ የእድገት መንገድ ከእንግሊዙ ልጅ ይለያል። እንግሊዙ ልጅ ተስፋ የሚያደርገው የፖስተኛውን ቦታ ነበር፤ የእኛው ተላላኪ ግን ዐይኑን የሚጥለው መዝገብ ቤት ላይ ነው፤ ፋይል የት እንዳለ፣ ደብዳቤ በምን ቁጥር ገብቶ በምን ቁጥር እንደሚወጣ ከማንም ቀድሞ ያውቃልና። በማታ ትምህርት ክፍሉን ጨርሶ፣ ታይፕ ተምሮ፣ ከተላላኪነት ወደ መዝገብ ቤት፣ ከዚያ ወደ ጸሐፊነት፣ አልፎ አልፎም ወደ ኃላፊነት የወጣ ሰው በየከተማው አለ። የደንብ ልብስ ያለው ፎቶግራፍ ግን የለውምና በእርስዎ አልበም ውስጥ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ፍራንኮ አካባቢ ላለ ዕቃ ሻጭ ከክረምት ጀምሮ በብስክሌት ዕቃ ያደርሳል። በስልክ የታዘዘውን ጫማና ልብስ እየያዘ እስከ ምሽት ይዞራል። አሁን ትምህርቱን ትቶ በሙሉ ቀን ልሥራ ይለኛል፤ ባለሱቁ «ወደፊት ኃላፊ አደርግሃለሁ» ብሎታል። ልጁ ስለ እንግሊዞቹ ልጆች ከክፍል ሰምቶ መጥቶ «እነርሱም በእኔ ዕድሜ ይሠሩ ነበር» አለኝ። ምን ልበለው?
እናት፣ አዳማ

መልስ፦ እኅቴ፣ ልጅዎ የሰማው ታሪክ እውነት ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው አልሰማውም። ከላይ ለመምህሩ የሰጠሁትን መልስ አብራችሁ ብታነብቡት ደስ ይለኛል። እኔም ከራሴ ልጨምርበት።

በ16 ዓመቴ እዚሁ አዳማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በጊዜያዊነት ተላላኪ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። በጋሪ መሄጃ ተብሎ የሚሰጠኝን ሳንቲም ቆጥቤ በእግሬ እሄድ ስለነበር፣ ከሰዓት በኋላ በዚያ ፀሐይ ስመለስ የማስፈረሚያ መዝገቡ ጥቁር ሽፋን እጄ ላይ ይጣበቅ ነበር። እስከ ዛሬ የማስታውሰው የመዝገቡን ዓምዶች ነው፦ ተራ ቁጥር፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ የተላከለት፣ ቀን፣ ፊርማ። አለቃዬ «ታገሥ፣ ቋሚ ትሆናለህ» ይሉኝ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ሲሉትም ያምኑት ነበር ብዬ አስባለሁ። ሦስት ዓመት ታገሥኩ። በሦስተኛው ዓመት ያወቅሁት ነገር፣ በዚያ ቢሮ ለእኔ ሊሆን የሚችለው ብቸኛው ቋሚ መደብ የመዝገብ ቤቱ መደብ እንደሆነና እርሱንም የያዘው ሰው ገና ሠላሳ ዓመት እንዳልሞላው ነበር። እርሱ ጡረታ እስኪወጣ ልጠብቅ ኖሯል! ይህን በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥያቄ ጠይቄ ላውቀው እችል ነበር። አልጠየቅሁም፤ የአለቃ ተስፋ እንደ ፊርማ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቢሮ የጠቀመኝ ተስፋው ሳይሆን የጸሐፊዋ የአማርኛ ታይፕ መኪና ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ቤቷ ሄዳ እስክትመለስ ድረስ እንድለማመድ ትፈቅድልኝ ነበር፤ የምትጠይቀኝ ያበላሸሁትን ወረቀት እንድጥል ብቻ ነበር። ስሰናበት የያዝኩት ያንን ነው፤ ቀጣዩን ሥራዬንም በእርሱ አገኘሁ። ካርኔጊን ያነሣው ተማሪ ይህን ቢያነብ አይከፋኝም።

እንግዲህ ወደ ልጅዎ ልምጣ። በመጀመሪያ ሕጉን ይያዙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ደግሞ ወጣት ሠራተኛ ብሎ ልዩ ጥበቃ ያደርግለታል። የቀን የሥራ ሰዓቱ ከ7 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላት እንዲሠራ ማድረግ ክልክል ነው። «እስከ ምሽት ይዞራል» ያሉት ነገር ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያበቃ፣ ጠዋት የጀመረበትም ሰዓት ተቆጥሮ ስንት እንደሚሆን ልጅዎን ዛሬ ማታ ይጠይቁት።

ቀጥሎ የባለሱቁን ቃል እንመዝነው። ኃላፊ የሚሆነው የምን ኃላፊ ነው? ሱቁ አንድ ከሆነና ባለሱቁ ራሱ ከሚስቱ ጋር ቆሞ የሚሸጥ ከሆነ የሚሾምበት ወንበር የለም፤ ሒሳቡ ከእንግሊዙ ፖስታ ቤት የባሰ ነው። ሦስት አራት ቅርንጫፍ ያለው፣ መጋዘን የሚያስተዳድርና ትዕዛዝ የሚቀበል ሰው የሚቀጥር ከሆነ ግን ነገሩ ሊታሰብበት ይችላል። ልጅዎ ዕቃ ከማድረስ ሌላ በዚያ ቤት የሚማረው ነገር መኖሩንም ይመልከቱ፤ የገቢና ወጪ መዝገብ ያሳዩታል? ዕቃ ሲገባ ቆጥሮ ይረከባል? ትዕዛዝ በስልክ ይቀበላል? የሚነካው ብስክሌትና የደንበኛ በር ብቻ ከሆነ ሁለት ዓመት ቢቆይም የሚጨምርለት የመንገድ ዕውቀት ብቻ ነው። እርሱንም ዛሬ ስልኩ ይነግረዋል።

ትምህርቱን መተው የሚለውን ግን አልስማማበትም። ሥራውን ይወደው ይሆናል፤ ከግማሽ ቀን ትምህርት በኋላና በክረምት ቢሠራ፣ ከሚያገኘውም ለቤት ቢያዋጣ የሚያስከብረው ነገር ነው። የእንግሊዞቹን ልጆች ዕጣ ከለወጡት ነገሮች አንዱ ሥራና ትምህርት አብረው እንዲሄዱ መደረጉ ነው፤ ልጅዎ ደግሞ ያንኑ ታሪክ ይዞ መጥቶ ትምህርቱን ልጣል ይላል።

ቀን ወስደው ባለሱቁን በክብር ያነጋግሩት እንጂ አይጣሉት። ሥራው የሚቀጥል ከሆነ ሰዓቱና ክፍያው በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቁ፤ ልጁ ሲለቅም የሠራበትን ጊዜና የሥራውን ዓይነት የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይወቁ። ከዚያም አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ ከልጅዎ በፊት ዕቃ ያደርሱ የነበሩት ልጆች ዛሬ የት ናቸው? ባለሱቁ ዝም ካለ ወይም «ሄዱ» ብሎ ከተወው መልሱን አግኝተዋል። ስም ጠርቶ «እገሌ አሁን መጋዘኑን ይዟል» ካለዎ ግን ወደ መጋዘኑ ይሂዱና ያንን ልጅ ራሱን ያነጋግሩት፤ ስንት ዓመት እንደጠበቀም ይጠይቁት።